ይድረስ ለአባቴ፦ የሰርጉ ገንዘብ የት እንደገባ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣ ደጀን።

እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ሰላምታውን አላስረዝመውም። ከመስከረም ወዲህ ዝም ያልኩበትን ልንገርዎት ነው የተቀመጥኩት።

አጎቴ "ልጁ ጣሊያን ገባና ረሳን" ማለቱን ሰምቻለሁ። አልረሳሁም። አልጠጣሁም፣ ቁማርም አልተጫወትኩም። ለእህታለም ሰርግ ያስቀመጥኩት 600 ዩሮ ነበር። ዛሬ የደረሳችሁ 250 ብቻ ነው። ሌላውን የበላችው ከጫማ ሳጥን የማትበልጥ ራዲያተር ናት። ለሌላ ሰው ቢሆን አይገባውም ብዬ እተወው ነበር። እርስዎ ግን ዕድሜዎን በመሪ ላይ ነው ያሳለፉት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

እዚህ ቶሪኖ፣ አሮጌ መኪና የሚያድስ ጋራዥ ውስጥ እንደምሠራ ያውቃሉ። በመስከረም አንዲት ፊያት 124 ስፓይደር ገባች። ባለሁለት በር፣ ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ በፈረንጅ 1972 የተሠራች ቀይ መኪና። ባለቤቷ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። መስታወቱ በውስጥ በኩል ቅባት የመሰለ ጉም ይይዛል አለ። ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፣ ከእግር ሥር ምንጣፉም ይረጥባል አለ። ገና ሳይጨርስ ገባኝ። ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለችው የማሞቂያ ራዲያተር ናት። የሞተሩ ሙቅ ውሃ በእሷ ውስጥ ያልፋል፣ ቬንትሌተሩ ይነፋባታል፣ ሙቀቱ ለተሳፋሪው ይደርሳል። ያ ሽታ ውሃው በብርድ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ፣ የአንቲፍሪዝ ነው። እኛ አገር ንጹሕ ውሃ እንሞላለን። እዚህ ግን በክረምት ውሃው ይረጋና እየሰፋ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል።

ፈታታኋት። መቀመጫውን፣ መሐል ያለውን ሳጥን፣ ግማሹን ዳሽቦርድ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ የውሃውን መክፈቻ ስፈታ ነሐሱ ከ50 ዓመት በላይ የበላው ነበርና ቱቦው አብሮ ዞሮ ተቀደደ። በአንድ እጄ ቱቦውን በፒንሳ ደግፌ በሌላው መፍታት ነበረብኝ። አልደገፍኩም። ቸኩዬ ነበር። አለቃዬ ብዙ አልተናገረም። "የሰበረ ያምጣ" አለ።

ፍርዱ ልክ አይደለም፣ አባዬ። ድሮም ታፈስ ነበር። ግን የመኖሪያ ወረቀቴ በዚህ ሥራ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ዝም አልኩ። ይቺን ለእማዬ ሲያነቡላት ይዝለሏት።

ፊያት የቶሪኖ ናት። ገላዋን የሠራው ፒኒንፋሪናም የዚሁ አካባቢ ነው። እዚህ ተወልዳ መለዋወጫዋ እዚህ ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? ጠፋ። መኪናዋ በፈረንጅ ከ1966 እስከ 1985 ስትሠራ አብዛኞቹ የተሸጡት አሜሪካ ነው። መለዋወጫውም መኪኖቹን ተከትሎ ባሕር ተሻግሯል። የደወልኩበት ሱቅ ሁሉ "አልቋል" ነው መልሱ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ መኪና የሚፈታባቸውን ግቢዎች ዞርኩ። አንዷን በ35 ዩሮ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ክፍሌ ወስጄ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኳት፣ አንዱን አፍ ዘግቼ በሌላው ነፋሁባት። አረፋው ከሦስት ቦታ ተንዠቀዠቀ። ሌላዋን ከአሜሪካ አዘዝኩ። ከማጓጓዣውና ከቀረጡ ጋር 210 ዩሮ ሆነች። አምስት ሳምንት ጠብቄ ካርቶኑን ስከፍተው ውፍረቷ ሌላ፣ ቱቦዎቿ የዞሩት ወደ ሌላ። የሌላ ዓመት ሞዴል ናት። ቁመትና ወርዷን ለክቼ ነበር። ውፍረቷን አልለካሁም፣ የቱቦዎቹን አቅጣጫም ፎቶ አንስቼ አላስተያየሁም። ልመልሳት ብል መላኪያው የዋጋዋን ግማሽ ይሆናል አሉኝ።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ መኪናዋ አልነበረም። የእህቴን ሰርግ ገንዘብ በእጄ ይዤ ብረት ስገዛበት አየሁት። ስልክ ለማንሳት ያፈርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስትደውሉ አያለሁ፣ ይጮሃል፣ አላነሳም። ለዚህ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሊነጋ ሲል ደብረ ማርቆስ ትዝ አለኝ። ራዲያተር የሚበይደው ሰውዬ ጋ ይዘውኝ የሄዱ ጊዜ። አይሱዙው ሲያፈስ ከረዳቱ ጋር ፈትታችሁ ተሸክማችሁ ገባችሁ። ሰውዬው ገንዳ ውስጥ ደፈቀው፣ አረፋ የወጣበትን በጠመኔ ምልክት አደረገ፣ ስታኞውን፣ መበየጃ ቆርቆሮውን፣ አቅልጦ ደፈነው። እርስዎ "አዲሱ የት ይገኛል?" ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። "ማን ያበጀዋል?" ነበር የሚሉት። እኔ ግን እዚህ ስድስት ዓመት ኖሬ መግዛት ብቻ ለምጃለሁ። የተቀደደችው ራዲያተር ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጣ ሳለ አገር ላገር ስፈልግ ከረምኩ።

በበነጋው ጠያየቅሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ብቻውን የሚሠራ አንድ ሽማግሌ በያጅ አለ አሉኝ። በአውቶቡስ ይዤለት ሄድኩ። አገላብጦ አያትና መዳብና ነሐስ መሆኗን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አረጋገጠ። አሉሚኒየም ብትሆን በስታኞ አይሆንም ነበር። ግራና ቀኝ ያሉትን የውሃ መያዣዎች ነቅሎ አስቀመጠ። መሐሉን በአዲስ መዳብ ሠራው። የራሷን ሁለት ጫፎች መልሶ በየደላት፣ የተቀደደውንም ቱቦ ቀየረ። በአራተኛው ቀን ስሄድ ገንዳው ውስጥ ነክሮ በአየር ሞላልኝ። አንዲት አረፋ የለም። 105 ዩሮ ተቀበለኝ። እጁን ሲያይዋት የዚያ የማርቆሱ ሰውዬ እጅ ነው፤ የተቃጠለ፣ ጥፍሩ ጥቁር። ልስመው ምንም አልቀረኝ።

መልሼ ገጠምኳት። ማኒኮቶዎቹን፣ የጎማ ቱቦዎቹን፣ በአዲስ ቀየርኩ፣ ማሰሪያ ፋሼታውን አጠበቅሁ፣ አየሩን አስወጣሁ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅሁና ማሞቂያውን ከፈትኩ። ውጭው በረዶ ነው። ሙቅ ነፋስ ጉልበቴ ላይ መጣ።

አባዬ፣ አባይ በረሃ መጣብኝ። አስር ዓመቴ ነበር፤ የህዳሴ ድልድይ ገና አልተከፈተም። ጭነን ከድልድዩ ወደ ደጀን ስንወጣ መርፌው ቀይ ላይ ደረሰ። ከታች ያ እሳት የሆነ አየር፣ ከላይ ፀሐይ። እርስዎ ደግሞ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። አበዱ ብዬ አለቀስኩ። "ሙቀቱን ከሞተሩ ወስደን እኛ እንሸከምለት፣ ያለዚያ ዳገቱን አይወጣም" አሉኝ። ላብ በላብ ሆነን ወጣን። መርፌው ወረደ። ደጀን ስንደርስ የደጋው ነፋስ ፊቴን ሲመታኝ፣ እማዬ በር ላይ ቆማ፣ ትኩስ ዳቦ በሻይ። ያን ሁሉ በዚያች ትንሽ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አየሁት። አለቃዬ መስኮቱን እስኪያንኳኳ ድረስ ማልቀሴን አላወቅሁም። አንቲፍሪዙ ዓይኔ ገብቶ ነው አልኩት።

ወደ እርስዎ ጤና ልምጣ። እግርዎ ማበጡን ከእህታለም ነው የሰማሁት፣ እርስዎ ደብቀውኛል። የስኳሩን መድኃኒት ጾም ነው ብለው እንዳያቋርጡ እለምንዎታለሁ። የነፍስ አባታችንን ያማክሩ፣ ሐኪሙንም ይጠይቁ። ባዶ እግርዎን ደጅ አይውጡ፤ ስኳር ያለበት ሰው እሾህ ቢወጋው ሳይሰማው ይቆስላል። ይህን ደብዳቤ በያዘው ሰው እጅ የስኳር መለኪያ ልኬያለሁ። ደም ማስነኪያ ወረቀቶቹን እስኪለኩባቸው ድረስ ከቆርቆሮዋ አያውጧቸው፣ እርጥበት ያበላሻቸዋል። ማታ ማታ እህታለም ታንብብልዎት፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጻፍ። እሷ ስትዳር ደግሞ ማን ያነብልዎታል? ይሄ ጉዳይ ነው አሁን የሚያሳስበኝ። የጎረቤቱን ልጅ ከወዲሁ አስለምዱት።

ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው ብላችሁኛል። ቀሪውን 350 እስከዚያ አደርሳለሁ። ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ትርፍ ሥራ ይዣለሁ፣ ቀላል ሥራ ነው፣ ምንም አይከብደኝም። ለጤፉና ለጌሾው አትበደሩ። ዳሱንም እንደ ዓምና ጎረቤት ትልቅ እንሥራ አትበሉ፣ ለእኛ ሰው ይበቃል።

አልመጣም፣ አባዬ። ወረቀቴ አላለቀም። ሰርገኛው ሲመጣ በር ላይ ቆሞ የሚከለክለው ወንድም እኔ ነበርኩ። እህቴ ትንሽ ሳለች "አንተ ከቆምክ እስኪመሽ አያስገቧቸውም" ትለኝ ነበር። የአጎቴን ልጅ አቁሙት፣ ግን ቶሎ አይልቀቅ በሉት። ጥሩ አድርጎ ያስለምናቸው። እማዬ ስታለቅስ አጠገቧ ሁኑ። ከቤት ስትወጣ ጉልበትዎን ስትስም በእኔም ስም አንድ ጊዜ ይመርቁልኝ።

ያቺ ከአሜሪካ የመጣችው ራዲያተር አሁንም አልጋዬ ሥር አለች። የእሷ ሞዴል መኪና ያለው አንድ ሰው ልግዛት ብሎኛል። ከሸጥኳት ለእህታለም የሰርግ ጫማ እገዛበታለሁ። የእግሯን ቁጥር አስልኩልኝ። ስሄድ 36 ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አድጋ ይሆናል።

ልጅዎ
ቶሪኖ፣ ታኅሣሥ