ከድርድር በኋላ የሚከፈል ቀብድ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

በከተማችን ጅማ የእንጨት ዕቃ ገዢና ሻጭ «የመጨረሻውን ንገረኝ»፣ «አያዋጣኝም» ሲባባሉ ቆይተው ዋጋ ሲቆርጡ ቀብድ መቀባበላቸው የተለመደ ቢሆንም፣ ገንዘቡ በሕግ ፊት ምን እንደሚያስከትል የሚነጋገሩት ጥቂቶች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድን ውል ለመደረጉ ማስረጃ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በቁጥር 1885 ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ውሉን የሚያፈርሰው ቀብድ ሰጪው ከሆነ የሰጠውን እንደሚያጣ፣ ተቀባዩ ከሆነ ግን እጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል። ስለዚህ «ሌላ ሰው ጨመረልኝ» ብሎ የተቀበለውን ብቻ የሚመልስ ሻጭ (ደግሞም እንደ ውለታ ይቆጥረዋል) የዕዳውን ግማሽ ብቻ ከፍሏል። ቤት ሲሸጥማ ውሉ በጽሑፍ መሆን ስላለበት፣ ደላላ ፊት «ተስማማን» መባባል አይበቃም። ጋዜጣችሁ ይህን በሕግ ባለሙያ ቢያስተነትንልን መልካም ነው።

አንድ አንባቢ፣ ከጅማ