ስለ ጓሮሽ ተዳፋት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እዚያ ተዳፋት ላይ ሣር ልዘራ ነው ስትይ እንግዳ ስለነበረ ዝም አልኩ። አሁን ልናገር፦ ሣሩን ተይው። የሲያትል ሰመር ደረቅ ነው፣ ውሃ ስታጠጪ ልትከርሚ ነው። ዳገት ላይ ማሽን መግፋትም አያዋጣም። የአካባቢውን የሚበላ ቁጥቋጦ ብትተክዪ አፈሩን ይይዝልሻል፣ ልጆቹም ይለቅማሉ።

መጀመሪያ ግን ያ እሾሃም ብላክቤሪ ይነሳ። እንደምትወጂው አውቃለሁ። ኦገስት ሲመጣ እንጆሪ አገኘን ብለን ባልዲ ይዘን የምንወጣለት እሱ ነው። ግን እዚህ መጤ ነው። በፈረንጆቹ 1885 ሉተር በርባንክ የሚባል የተክል አዳቃይ ለገበያ አወጣው። የሂማላያ ብሎ ሰየመው እንጂ መነሻው አርሜኒያና ሰሜን ኢራን አካባቢ ነው። የቅርንጫፉ ጫፍ መሬት በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል። ከላይ ቢቆርጡት ተመልሶ ይመጣል፤ ጉቶውን ቆፍሮ ማውጣት ነው። ሰው ቅጠሪ፣ ወገብሽን እንዳትጨርሺ።

ፀሐይ ባለበት በኩል የባሕር ዳርቻውን ስትሮቤሪ ትከዪ። እየተሳበ መሬቱን ይሸፍናል። ፍሬው ትንሽ ነው፤ ግን ከሱቅ የምትገዢው ትልቁ ስትሮቤሪ የእሱ ልጅ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ከሌላ የአሜሪካ ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው።

ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሳላል የሚባለው የአካባቢው ቁጥቋጦ ይሁን። የሠርግ እቅፍ አበባሽ ውስጥ የነበረው ወፍራም አረንጓዴ ቅጠል እሱ ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ፍሬውን ጨፍልቀው እንደ ቂጣ ጠፍጥፈው እያደረቁ ለብርዱ ወራት ያስቀምጡት ነበር። ለእኔ ጣዕሙ ያን ያህል አይደለም፣ ማርማላታ ሲሆን ይሻላል። ሀክልቤሪ የሚባለው፣ ቅጠሉ የማይረግፈው ቁጥቋጦ ይበልጥብኛል። ጥላ ይችላል፣ ጥቁር ፍሬው በመኸር ይደርሳል። አጋም ለቅሞ ያደገ ሰው ይወደዋል። ጥላ ውስጥ ቁመቱ ስለሚረዝም መስኮት ሥር አታድርጊው።

ተከላው ዝናቡ ሲገባ፣ ኦክቶበር ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰመር ውሃ አትንፈጊያቸው። የቡና ከሰልሽን አመድ ደግሞ እዚያ እንዳትደፊ! ሳላልና ሀክልቤሪ አሲዳማ አፈር ነው የሚወዱት፣ አመድ ያበላሽባቸዋል።

አጥሩ ጥግ ያለው ነጭ ፍሬ ስኖውቤሪ ነው። እሱም የአገሩ ተክል ነው፣ ግን አይበላም። ለልጆቹ ዛሬውኑ አሳዪያቸው።

ችግኝ ልትገዢ ስትነሺ ደውዪልኝ፣ አብረን እንሄዳለን። ብቻሽን ከሄድሽ አበባ ብቻ ጭነሽ ነው የምትመለሺው።

እናትሽ