ክራር አይገዘገዝም፤ ሽልማትም ልመና አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እሑድ ስለ አዲስ አበባ የምሽት ሙዚቃ ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መጀመሪያ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ቀጥሎ ራሴ አነበብኩት። ወደ ሥራ ከመሄዳችን በፊት ደግሞ ባለቤቴ ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አስደግፎ ጭራውን ዕጣን እያሸ «እስቲ ያቺን ቦታ ድገሚልኝ» አለኝና ደገምኩለት። ያቺ ቦታ የትኛዋ እንደሆነች አንባቢዎቻችሁ ያስታውሷታል ብዬ አምናለሁ። ስለ ሆቴል ባንዶች፣ ስለ ጃዝ ምሽቶች፣ ስለ መግቢያ ዋጋና ስለ ድምፅ ማጉያ ጥራት ሁለት ሙሉ ገጽ ከተጻፈ በኋላ መጨረሻ ላይ የተወረወረችው ዓረፍተ ነገር ናት፦ «በአንዳንድ መሸታ ቤቶች ደግሞ ክራሩን እየገዘገዘ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ለልመና የሚዞር አዝማሪ አይጠፋም።»

በሁለት ገጽ ውስጥ የእኛ የአዝማሪዎች ድርሻ ይህቺ ናት። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይም ሁለት ስሕተት ገብቶባታል። ከቀላሉ ልጀምር።

ክራር አይገዘገዝም። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው፣ በጣት ወይም በመግረፊያ የሚመታ መሣሪያ ነው። ካሳ ተሰማን፣ ሜሪ አርምዴን፣ አስናቀች ወርቁን ታስታውሷቸዋላችሁ፤ የእነሱ እጅ ላይ የነበረው ክራር ነው። የሚገዘገዘው ማሲንቆ ነው። ጌታመሳይ አበበ ይጫወቱት የነበረው ማለት ነው። ማሲንቆ አንድ ብቻ አውታር አለው፤ ያም አውታር ከተሰበሰበ የፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው፤ የሚገዘግዘው ደጋንም እንዲሁ ጭራ ነው። ይህን ለማወቅ አዝማሪ ቤት መወለድ አያስፈልግም። ማሲንቆም ክራርም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለየብቻቸው ይሰጣሉ። በዚያው ዘገባ ውስጥ ጋዜጠኛው አልቶና ቴነር ሳክስፎንን ሳያምታቱ፣ የትኛው በየትኛው ምሽት እንደተነፋ ጭምር ለይተው ጽፈዋል። የውጭውን መሣሪያ ለመለየት የተጨነቁ ሰው የአገራቸውን መሣሪያ ለመለየት ለምን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቁም?

«ክራር ቢሉት ማሲንቆ ቢሉት ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለእሱ አንድ ምሽት ልንገረው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ እኛ የምንሠራበት አዝማሪ ቤትም እንዲለቀቅ ተነገረን። የመጨረሻዋ ምሽት ላይ ቤቱ ከወትሮው በላይ ሞላ፤ መቀመጫ ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ጥግ ላይ ካለችው ዱካ የማይለዩ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩን። አንዲት ብርሌ ይዘው ያመሻሉ፤ ያጨበጭባሉ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ግጥም ሰጥተው ግን አያውቁም። ያን ምሽት እጃቸውን አንስተው «ተቀበይ!» አሉኝ። ደነገጥኩ። ባለቤቴ ማሲንቆውን ዝቅ አደረገልኝ፤ እሳቸው አሉ፣ እኔ ተቀበልኩ፦

ማሲንቆ ንገሪኝ ቤታችን ወዴት ነው፣
ምን እጠይቃለሁ ጭራሽ የፈረስ ነው።

ቤቱ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። ሰሙ የማሲንቆዋ ጭራ የፈረስ መሆኑን ይናገራል፤ ወርቁን ደግሞ እዚያ የነበረ ሁሉ ሳይነገረው አገኘው፦ ጭራሽ የፈረሰ ቤት፣ ጭራሽ የፈረሰ ሠፈር። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ በአራተኛው ድምፄ እምቢ አለኝና ባለቤቴ በማሲንቆው ብቻ ጨረሰው።

አሁን ማሲንቆውን አንስታችሁ ክራር አስገቡበት። ክራር ጭራ የለውም። ጭራ ከሌለ ሰም የለም፤ ሰም ከሌለ ወርቁ የሚፈስበት የለውም። የእኒያ ሰው የዓመታት ዝምታ የወለደው ግጥም አንድ ቃል በተሳሳተ ሰው እጅ ይሞታል። ለእኔ የመሣሪያው ስም ይህን ያህል ክብደት አለው።

ወደ ሁለተኛው ስሕተት ልሂድ፤ ይሄኛው የመሣሪያ ጉዳይ አይደለም።

«ለልመና የሚዞር።» አሠራሩን ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። ብዙ አዝማሪ ቤት ውስጥ ለአዝማሪ የወር ደመወዝ ወይ ጭራሹን የለም፣ ወይ ለቤት ኪራይ አይበቃም። ቤቱ የሚያተርፈው ከመጠጡ ነው፤ እኛ የምንኖረው ከሽልማቱ ነው። ደንበኛው ብሩን ግንባሬ ላይ ሲለጥፍልኝ ወይም ባለቤቴ አንገት ሥር ሲሰካለት አዝኖልን አይደለም። የእናቱን ስም አንስቼለታለሁ፤ አገሩን ጠርቼለታለሁ፤ ከውጭ የመጣ ወንድሙን ተቀብዬለታለሁ፤ ሊናገረው ያልደፈረውን ለጓደኛው ተናግሬለታለሁ። የከፈለው ለተሠራለት ሥራ ነው።

ሥራውም ቀላል አይደለም። ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ከማን ጋር እንደመጣ፣ ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት፣ የሚቀልዱበት ዓይነት ይሁን የሚያከብሩት፣ ከመቀመጫው ሳይደላደል ማየት አለብኝ። ባለቤቴ ዜማውን አንድ ጊዜ አዙሮ እስኪመልስልኝ ድረስ ቤት የሚመታ፣ ከቅኝቱ የማይወጣ፣ ሰውየውን የሚነካ ግን የማያዋርድ ሁለት ስንኝ በአፌ ላይ መድረስ አለበት። ከጓደኛሞች አንዱ ግጥም ይሰጠኛል፤ ሌላው ይመልሳል፤ በእኔ አፍ ይሰዳደባሉ፤ ተሳስቀው ተቃቅፈው ይወጣሉ። አንድ ቃል ካበዛሁ ግን ብርሌ ይወረወራል። ያን ቃል መዝኜ የማስቀር እኔ ነኝ። ዕረፍት የሌለው የአእምሮ ሥራ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ቆሜ የምሠራው።

ልመናን አልንቅም፤ የቸገረው ሰው ቢለምን ነውር የለበትም። የተሠራ ሥራን ልመና ማለት ግን ውሸት ነው። ሆቴሉ ገና ሳይሰሙ በር ላይ ያስከፍላል፤ ሙዚቃው ባይጥምዎት ገንዘብዎን አይመልስም። እኛ ዘንድ ሰው መጀመሪያ ይሰማል፣ ከዚያ ይመዝናል፣ ከወደደ ይሸልማል፤ ካልወደደ በባዶ እጃችን ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ እናልፋለን፤ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ እናልፋለን። በችሎታችን ላይ እንዲህ አድርገን የምንወራረድ ሰዎች ለማኝ ስንባል እንዴት ዝም እንበል?

ጋዜጠኛው ስለማያውቁን ነው እንዳልል ደግሞ ያውቁናል። አሁን ወደምንሠራበት ቤት በአንድ ሐሙስ ምሽት መጥተዋል። ዘገባ እያዘጋጁ እንደሆነ ነግረውን ከባለቤቴ ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠዋል፤ ቅኝት ምን እንደሆነ ጠይቀዋል፤ እሱም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን አንድ በአንድ ገዝግዞ አሰምቷቸዋል። ማሲንቆውን እጃቸው ላይ ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል። ግጥም ሰጥቻቸው ከልብ ስቀዋል። በመጨረሻ ለሽልማት እጃቸውን ኪስ ሲከቱ ባለቤቴ «እርስዎ እንግዳችን ነዎት» ብሎ አልተቀበላቸውም። የሰጡትን ገንዘብ ያልተቀበለ ሰው ነው ወደ ለማኝነት የተለወጠው። ያ ሁሉ ወግ የት ገባ? ቦታ ጠቦ ከሆነ ባይጻፍ እሺ። ለስድብ የሚሆን ቦታ ከተገኘ ለእውነቱ እንዴት ይጠፋል?

ዘገባው የአዲስ አበባን ሙዚቃ የጀመረው በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርባዎቹ ሙዚቀኛ የአርመን ልጆች ነው። ለማርሽ ባንድና ለኦርኬስትራ ያ ታሪክ ትክክል ነው፤ ክብራቸውን አልነካም። ነገር ግን ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ማሲንቆ እየመቱ በሸክላ የተቀዱት ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በሸክላ የተቀዳው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፈን ከማሲንቆ ጋር ነው የወጣው። በጣሊያን ወረራ ጊዜም አዝማሪዎች አርበኛውን በግጥም እያበረቱ ስላስቸገሩ ፋሺስቱ አሳድዷቸዋል፣ ገድሏቸዋል። የሚለምንን ሰው ወራሪ ጦር አይፈራውም።

አባቴ በደርግ ዘመን ይሠራ ነበር። ሰዓት እላፊ ሲደርስ የቤቱ በር ከውስጥ ይዘጋል፤ የገባው ሰው ሳይነጋ አይወጣም፤ አባቴም እስኪነጋ ይጫወታል። ውጭ ተኩስ ሲሰማ ዜማውን ከፍ ያደርገው እንደነበር ነግሮኛል። ያንን ዘመን በዚያ ዓይነት ምሽት ያለፉ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ አንዳንዶቹ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ የአባቴን ስም ያነሳሉ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰዓት እላፊው ሲነሣ ነው ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤት የደመቀው፤ የውጭ አገር እንግዳ ሳይቀር አድራሻ ይዞ የሚመጣበት የሆነውም በእነዚያው በአንድ አውታር ሰዎች ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ቤቶቹ ሲዘጉ ደግሞ ባንዱም አዝማሪውም እኩል ሥራ ፈትቷል። እናንተ ያኔ የሙዚቀኞችን ችግር በተከታታይ ጻፋችሁ፤ ቆርጬ ያስቀመጥኩት ገጽ አለ። አንድም አዝማሪ አልጠየቃችሁም። እኛ ያኔ የባለቤቴን ትርፍ ማሲንቆና የሠርጌን ቀሚስ ሸጠን ነው ያለፍነው።

ማን ከማን እንደሚወስድም ይነገር። በየምሽቱ ስልኩን ደግኖ የሚቀዳን ሰው አለ። በአንድ ሌሊት የፈጠርናት ስንኝ ከጥቂት ወር በኋላ በሌላ ሰው ዘፈን ውስጥ በኪቦርድ ታጅባ ከታክሲ ሬዲዮ ስትመጣ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበር፤ አላመነም፤ «ወራጅ አለ» ብሎ ሳንደርስ ወረድን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝን መብትም ይጠብቃል ተብሎ ተነግሮኛል፤ አንብቤውማለሁ። ግጥሙ የእኔ ለመሆኑ ግን ያን ሌሊት ከነበሩት ሰዎች በቀር ምን ማስረጃ አለኝ? ስለ ሙዚቃ ሁለት ገጽ የሚጽፍ ጋዜጣ ይህን ቢጠይቅ ሥራ ነበር።

የልጄን ነገር መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ለመጻፍ ስለከበደኝ ነው። ዘገባውን ጮክ ብላ ስታነብልኝ ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ እኔ የደከማት መሰለኝ። «ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞር አዝማሪ አይጠፋም» ብላ አነበበችልኝና ገጹን ገለጠች። «ለልመና» የምትለዋን ያገኘኋት በኋላ ራሴ ሳነብ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እናቷ እንዳትሰማ ብላ ቃል ዘለለች። በየዓመቱ የትምህርት ቤት ቅጽ ሲሞላ «የእናት ሥራ» በሚለው ላይ «ነጋዴ» ብላ የምትጽፈው ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ አሁንም አልጠይቃትም። ዘንድሮ ግን «ሙዚቀኛ» ብላ ልትጽፍ እንደነበር ነግራኝ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። በሚቀጥለው እሑድ እትማችሁ፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ መሣሪያው ማሲንቆ እንደሆነና «ለልመና» የሚለው ቃል እንደተነሣ ይጻፍልን። ጋዜጠኛው ሊመጡ ከፈለጉ ቤቱን ያውቁታል። ሊያነጋግሩኝ ከፈለጉ ደግሞ ሌሊት ስለምሠራ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ተኝቼ ነው የምገኘው፤ ከዚያ በኋላ ይደውሉልኝ፤ ከደብዳቤው ጋር የላክሁት ስልክ የራሴ ነው።

የማሲንቆ ተጫዋች ልጅ፣ የማሲንቆ ተጫዋች ሚስት፣ ራሷም አዝማሪ
አዲስ አበባ