የሒሳብ ክበብ፦ የሜዳ ቴኒስን ውጤት በቁጥር መገመት

የድሬዳዋ ተማሪ ስለ ኳስ ሲከራከር የሚያነሳው እግር ኳስን ነው። ክበባችን ግን ዘንድሮ ፕሮባቢሊቲን ለመለማመድ የመረጠው ፕሮፌሽናል የሜዳ ቴኒስን ነው፤ አቻ መውጣት የለም፣ ተፋላሚዎቹም ሁለት ብቻ ስለሆኑ ስሌቱ ንጹሕ ነው።

ሕጋችን አንድ ነው፦ «እገሌ ያሸንፋል» ተብሎ አይታለፍም፤ ስንት ከመቶ እንደሆነ ጨዋታው ሳይጀመር ተጽፎ ይገባል። በጥር ወር የሜልበርን (የአውስትራሊያ ኦፕን) የቀን ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሚጀምር ወረቀቱ የሚሰበሰበው በዋዜማው ነው። በፓሪስ የሚደረገው የግንቦቱ ሮላንድ ጋሮስ (የፈረንሳይ ኦፕን) ቀን 6 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር የጠዋቱ ዕረፍት ይበቃዋል።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የዓለም ደረጃን ነው። ደረጃው ግን የ52 ሳምንት ነጥብ ድምር ስለሆነ ከጉዳት የተመለሰን ጎበዝ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ማን ማንን እንዳሸነፈም አይነግረንም። ስለዚህ ለቼዝ የተፈጠረውን የኤሎ ስሌት ወሰድን። አንዱ 2000፣ ሌላው 1800 ነጥብ አላቸው እንበል። ልዩነቱ 200 ለ400 ሲካፈል 0.5 ይሆናል፤ 10 በ−0.5 ኃይል ሲነሳ 0.316 ነው፤ 1 ሲደመርበት 1.316፤ 1 ለዚህ ሲካፈል 0.76። ባለ 2000ው 76 ከመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። ካሸነፈ 32 (በአንድ ጨዋታ የሚለወጠው ነጥብ ጣሪያ) በ0.24 (ከ1 ላይ 0.76 ሲቀነስ) ተባዝቶ 7.7 ነጥብ ያገኛል፤ ከተሸነፈ ግን 24.3 ያጣል። የተማሪዎቹ ተደጋጋሚ ስህተት የመቀነስ ምልክቷን መርሳት ነው፤ ያን ጊዜ ደካማው ባለ 76 ሆኖ ቁጭ ይላል።

ቀጥሎ ወለሉ ይታያል። ቀይ ሸክላ ኳሷን ያዘገያል፣ ከፍ አድርጎም ያነጥራታል፤ የጠንካራ ሰርቭ (ነጥቡን የምታስጀምረው ምት) ጥቅም ይቀንሳል። ስፔናዊው ራፋኤል ናዳል በሮላንድ ጋሮስ 112 ጊዜ አሸንፎ 4 ጊዜ ብቻ መሸነፉን አንድ ወጥ ኤሎ ሊያስረዳ አይችልም። ስለዚህ ለሸክላ፣ ለሣርና ለጠንካራ ወለል ለየብቻ ነጥብ ይያዛል፤ ግምቱ የሚሠራው በጠቅላላውና በወለሉ ነጥብ አማካይ ነው። ሸክላም ሁሉ አንድ አይደለም፤ ማድሪድ ከባሕር ወለል 650 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ይላል፣ ኳሷም ትፈጥናለች። ከዚያ እጅግ ከፍ ያለችው ሐረር ላይ ቢጫወቱ ልዩነቱ ይብስ ነበር።

የጨዋታው ርዝመትም ዕድልን ይለውጣል። አንዱን «ሴት» (set፣ ጨዋታው የሚከፈልበት ትልቁ ክፍል) የማሸነፍ ዕድሉ 60 ከመቶ የሆነ ተጫዋች ከሦስት ሁለት በሚፈለግበት ጨዋታ 65፣ ከአምስት ሦስት በሚፈለግበት 68 ከመቶ ያህል ይኖረዋል። በሰርቭ ላይ ደግሞ ነገሩ ይጎላል፤ በራሱ ሰርቭ ከመቶ 60 ነጥብ የሚያገኝ ጌሙን (ሴቱ የሚከፈልበትን ትንሽ ክፍል) 74 ከመቶ ያሸንፋል፤ 65 የሚያገኝ 83። ቢሆንም ብዙ ነጥብ ያገኘ ሁሉ አያሸንፍም፤ በ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) የዊምብልደን (የለንደኑ የሣር ሜዳ ውድድር) ፍጻሜ ሮጀር ፌደረር 218፣ ኖቫክ ጆኮቪች 204 ነጥብ አግኝተው ዋንጫውን የወሰደው ጆኮቪች ነው።

ለግምቱ ማርክ የሚሰጠው ከውጤቱ (ካሸነፈ 1፣ ከተሸነፈ 0) ላይ ግምቱ ተቀንሶ፣ ልዩነቱ በራሱ ሲባዛ ነው፤ ያነሰ ያገኘ ይበልጣል። ሁልጊዜ 50 የሚል 0.25 ያገኛል። 90 ብሎ የሳተ 0.81 ይጫነዋል፤ 60 ብሎ የሳተ 0.36 ብቻ። አባላቱን የሚጎዳው የዝነኛ ስም ነው፤ ስሌቱ 70 ያለውን 90 ያደርጉታል። «ባለፈው አሸንፎታል» የሚለውም እንዲሁ፤ ሁለት ሦስት ግጥሚያ፣ ያውም በሌላ ወለል የተደረገ፣ ብዙ አይናገርም። ለድካም፣ ለጉዳትና ለመሳሰለው ማስተካከያ ቢበዛ 5 ከመቶ ነው የሚፈቀደው። በጉዳት የተቋረጠ ጨዋታ ከማርክ ይወጣል።

ውርርድ በክበባችን ክልክል ነው፤ የቤቲንግ ወረቀት ይዞ የመጣ አባል አይገባም። ወላጆችም ይህን እንዲያውቁልን እንፈልጋለን።

ዊምብልደን ክረምት ላይ ስለሚውል መዝገቡን ለ10ኛ ክፍል አባላት አስረክበናል፤ በየውድድሩ ማግስት የኤሎውን ነጥብ እያደሱ መስከረም ላይ ይመልሱታል።