ባዶ ሜዳ አይደለም፣ የወንድሜ ገብስ ነው

ለአዘጋጁ፣

ስለ ትንሿ አውሮፕላን ያወጣችሁትን ዜና ደብረ ብርሃን ውስጥ ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ጋራዥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ እጄ ግሪስ በግሪስ እንደሆነ። «ሞተሯ ኃይል አጥቶ ባዶ ሜዳ ላይ ወደቀች» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ባዶ ሜዳ?

ያ ቦታ የወንድሜ የገብስ ማሳ ነው። ሊታጨድ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ከላይ በኩል ልጆች በግ ይጠብቁ ነበር፣ ከታች ሰዎች ባቄላ ያጭዱ ነበር። አንድ ስልክ ደውላችሁ ብትጠይቁ ይሄን ማንም ይነግራችሁ ነበር።

«ወደቀች» ማለታችሁም አናዶኛል። እኔ የመኪና መካኒክ ነኝ፣ አውሮፕላን አልጠግንም። ሞተር ግን አውቃለሁ። ጣርማበር ዳገት ላይ መኪና ትንፋሽ የሚያጥረው አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የሌለው የትንሽ አውሮፕላን ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በዚያ ላይ ነዳጁ ውስጥ ውሃ ከገባ፣ ወይም ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር በረዶ ከያዘ፣ መንተፋተፍ ይጀምራል። በረዶው ደግሞ አየሩ እርጥብ ከሆነ ውጭው ያን ያህል ሳይበርድም ይሠራል። የዚህችኛዋን ምክንያት መርማሪዎች ይንገሩን። እናንተ ግን «የአብራሪው ስህተት ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ቀድማችሁ ጨረሳችሁት። የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ እኮ በዓለም አቀፉ ደንብም ዓላማው አደጋው እንዳይደገም እንጂ ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም።

ሞተር ስለጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ ዱብ አይልም። ይንሳፈፋል። ሴስና 172 የምትባለው ባለ አራት መቀመጫ፣ ከመሬት 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ብላ ሞተሯ ቢጠፋ፣ ነፋስ ካልገፋት ወደ 9 ኪሎ ሜትር መሄድ ትችላለች። አብራሪ በዚያች ጊዜ ነው ማረፊያ የሚመርጠው። የእኛውም መርጧል። መጀመሪያ የመጣው ወደ ግጦሹ ነበር፣ ባዶ ይባል ከተባለ ባዶው እሱ ነው። በጎቹንና ልጆቹን ሲያይ ወደ ገብሱ ዞረ። ወንድሜ ቆሞ እያየ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው። ዜናችሁ ውስጥ ግን ልጆቹም የሉም፣ አብራሪው ያደረገውም የለም።

ከዚያስ ማን አወጣው? «በሕይወት ተርፏል» ብላችሁ አለፋችሁት። በሩ ተጣሞ እምቢ ሲል በዶማ የፈለቀቁት ባቄላ አጫጆቹ ናቸው። ቤንዚኑ ይሸት ስለነበር አንድ ሽማግሌ «እሳት የያዘ እንዳይጠጋ!» እያሉ ሰውን ሲያርቁ ነበር። የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን ቀዳ ግንባሩን አሰረችለት። በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ ያደረሱትም እነሱ ናቸው። እኔ ስደርስ የገብስ አገዳ ፕሮፔለሩ ላይ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ነበር።

እኛ አካባቢ ዜና ላይ የሚወጣው እንዲህ ነገር ሲወድቅበት ብቻ ነው። ያኔም ስለ እኛ ሰው እንደሌለበት አገር ታወራላችሁ። ይሄ ያመኛል።

«ባዶ ሜዳ» የሚለውን አርሙልን። «የገበሬ ማሳ» በሉ፣ አብራሪውንም የአካባቢው ሰው እንዳወጣው ጻፉ። አውሮፕላኗ ያበላሸችው ትንሽ ነበር፤ የቀረውን ሊያይ የመጣው ሕዝብ ረገጠው። ወንድሜ ዛሬም ጎንበስ ብሎ የተኛውን ገብስ በማጭድ እየለቀመ ነው። ስልክ አለው፣ ደውሉለት።

የጋራዥ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን