የድጋፍ ጥሪ፦ 6 ስቴንት ማሳለፊያ አጥቶ ካቢኔ ውስጥ ተቀምጧል

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለእድሮች፣ በውጭ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፦

በስትሮክ የተመታን ሰው የአንጎል ደም ስር የዘጋውን የረጋ ደም ስቦ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ዕቃ፣ ለአንድ ታካሚ አንድ ስብስብ እያልን፣ ለ20 ታካሚ ልንገዛ ነበር የተነሳነው። 9ኙ ስብስብ ሙሉ ሆኖ ሕክምናው የሚሰጥበት ክፍል (ካት ላብ) ገብቷል። ከዚያ ወዲህ መዋጮው ቆሟል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ በባንክ ያለው ገንዘባችሁ አንድ ብር ሳይነካ የመግዛት አቅሙ በግማሽ ገደማ ወረደ። ደግመን ደጃችሁን ስናንኳኳ እያፈርን ነው።

አሁን ያስቸኮለን ካቢኔ ውስጥ የተቀመጡት 6 ስቴንቶች፣ የረጋውን ደም ነክሰው የሚስቡት የሽቦ መረቦች፣ ናቸው። በስጦታ የመጡ፣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ናቸው፤ የሚያልፉትም የውስጡ ስፋት 0.027 ኢንች በሆነ ማይክሮካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ ነው። በእጃችን ያለው ለ4 ሚሊ ሜትሮቹ ስቴንቶች የተገዛው ባለ 0.021 ነው። ልዩነቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም በግድ ቢገፋ ስቴንቱ መንገድ ላይ ይቀረቀራል። የሳጥኑ ላይ የማብቂያ ቀን ደግሞ እኛን አይጠብቅም።

«ርካሽ ርካሹን ብዙ አድርጋችሁ ለምን አትገዙም?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። ዕቃው አንዴ ከተጠቀሙበት የሚጣል ነው፤ ወሳኙም የመጀመሪያው ስበት፣ የረጋውን ደም ለማውጣት መጀመሪያ የሚደረገው ሙከራ፣ ነው። ደም ስሩ በአንድ ስበት ሙሉ በሙሉ የተከፈተለት ሰው፣ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ከተከፈተለት የተሻለ ያገግማል። ስበቱ በበዛ ቁጥር ደም ስሩ ይጎዳል፣ የመድማት ስጋቱ ይጨምራል፣ ሰዓቱም ይሄዳል። በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የአንጎል ሕዋስ ይሞታል።

ስብስቡ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ የሌላው ጥገኛ ነው። ከብሽሽት የሚገባው፣ ሌሎቹ ዕቃዎች በውስጡ የሚያልፉበት ቱቦ (ጋይድ ካቴተር) ከለሰለሰ፣ በተጠማዘዘ ደም ስር ላይ ድጋፍ አጥቶ ወደ ትልቁ የደም ቧንቧ ተመልሶ ይወድቃል። መምጠጫው ካቴተር ከ0.060 ወደ 0.071 ኢንች ሲሰፋ የአፉ ክፍት ቦታ 40 በመቶ ያድጋል፤ ፓምፑ ያው ሆኖ የረጋውን ደም የሚይዝበት ጉልበትም በዚያው ልክ ይጨምራል። ነገር ግን የሰፋው ካቴተር፣ የዓይን ደም ስር በምትገነጠልበት ኩርባ ላይ አፉ ይደናቀፋል፤ በውስጡ ማይክሮካቴተር ካልቀደመው አያልፍም። ስቴንቱ ከረጋው ደም አልፎ ከተከፈተ በኋላ እንዲነክሰው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። ስቴንቱ አጭር ከሆነ የረጋው ደም ጫፍ ውጭ ይቀርና ሲሳብ ተቆርሶ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይሄዳል። ፋይብሪን (ደምን የሚያረጋው ክር መሰል ፕሮቲን) የበዛበት ነጣ ያለ ጠንካራ የረጋ ደም ደግሞ ስቴንቱ ውስጥ አልገባ ብሎ ይንከባለላል፤ ያኔ ስቴንቱና መምጠጫው አብረው መሥራት አለባቸው። ከሁለቱ በየትኛው መጀመር ይሻላል የሚለው እ.ኤ.አ. በ2017ም በ2019ም በወጡ ጥናቶች አሸናፊ አልተገኘለትም። ስለዚህ ሁለቱም መደርደሪያ ላይ ይኑሩ እንላለን።

ስለ ባሉን ጋይድ ካቴተሮቹ፣ ጫፋቸው ላይ የሚነፋ ፊኛ ስላላቸው ጋይዶች፣ የተነሳውን ቅሬታም አንሸሽም። ውድ ናቸው። ስንገዛቸው በእጃችን የነበረው መረጃ ይደግፋቸው ነበር፤ ባሉኑ የደሙን ፍሰት ለጊዜው ሲያግድ ቁራሹ ወደ ላይ አይሄድም ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የቻይና ጥናት ግን ታካሚዎቹ በተራው ጋይድ የተሻለ አገግመው አገኘ። ከእንግዲህ ባሉን አንገዛም፤ የተረፈው ብር ወደ መምጠጫዎች ዞሯል። ደረሰኙ ሁሉ ተሰድሯል፤ የፈለገ መጥቶ ያገላብጥ።

ይህ ሕክምና የቅንጦት አይደለም። የ5 ጥናቶች ውጤት እ.ኤ.አ. በ2016 ተደምሮ ሲታይ፣ ለ2.6 ታካሚ ሲሠራ አንዱ የጉዳት መጠኑ ቢያንስ በአንድ ደረጃ ይቀንስለታል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት በጎልማሳነት በስትሮክ የሚመታው ወገናችንም ብዙ ነው። እድሮች፣ ለድንኳንና ለንፍሮ ከምናዋጣው ጥቂቷን አስቀድመን እናውጣት። ዘካና ሰደቃ የምትሰጡ፣ አሥራት የምታወጡ፣ ይህንንም ቁጠሩልን።

የቀረው 11 ስብስብ ነው። ከሁሉ በፊት ግን 6 ባለ 0.027 ማይክሮካቴተር፤ ያለው ስቴንት በእሱ ሥራ ይጀምራል። ዕቃ ለመላክ ያሰባችሁ እባካችሁ መጠኑን፣ ፍሬንቹን (የቱቦው የውፍረት መለኪያ) እና የማብቂያ ቀኑን ፎቶ አንስታችሁ አስቀድሙልን፤ ከ12 ወር በታች የቀረው አይላክ።

ሒሳቡ በሁለት ፈራሚ የሚንቀሳቀሰው የኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ሙሉ ቁጥሩ በማኅበሩ ደረሰኝ ራስጌና በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ታትሟል። የመጨረሻ ሁለት አሃዞቹ 47 መሆናቸውን ሳታዩ አትላኩ። በስልክ ደውሎ ሌላ ቁጥር የሚሰጣችሁ የእኛ ሰው አይደለም። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሒሳብ ነው፣ መጨረሻው 47። በምክንያት ቦታው «ስብስብ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ይደባለቅብናል። በእጅ የምትሰጡ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።