የአቪዬሽን ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሁለት ገመድና አንድ ማጨሻ

"አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኮምቦልቻ፤ ደሴ ላይ የአቪዬሽን ክበብ ምን ይሠራል?" የሚለው ጥያቄ ዘንድሮም አልቀረልንም። እኛ ጉም አለን፤ የዓመቱ ሥራችንም ስለ ጉም ነበር።

በአሜሪካው የሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ማኮብኮቢያዎች መሃል ለመሃል የሚራራቁት 229 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለዓመታት ሰማዩ ሲጠራ አብራሪዎች እየተያዩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያርፉ ነበር። ደመና ሲወርድ ግን ተራ ይይዙ ነበር፤ የማረፊያው አቅም በግማሽ ገደማ ይወድቅ ነበር። መፍትሔ ተብሎ ከተሞከረው አንዱ የጎረቤትን አውሮፕላን በአብራሪው ስክሪን ላይ ማሳየት ነው። እያንዳንዱ አውሮፕላን ኤዲኤስ-ቢ በተባለ የሬዲዮ መሣሪያ ያለበትን ቦታ በየሰከንዱ ገደማ ያሰራጫል፣ የጎኑ ይቀበላል። ጎረቤት ከመስመሩ ከሳተ ቢጫ፣ ከባሰ ቀይ ይበራል፤ በቀዩ ጊዜ አብራሪው ማረፉን ትቶ ወደ ተቃራኒው እየታጠፈ ሽቅብ ይወጣል።

የዓርብ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ተካሂደዋል።

በሚያዝያ አንድ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሜዳውን ሲውጠው፣ በ1 ለ100 ልኬት ሁለት ገመድ በ2 ሜትር ከ29 ሳንቲም ርቀት ዘረጋን፤ ገመዱን ተከትለው የሚሄዱት ልጆች አውሮፕላን ሆኑ። ፊተኛዋ "አውሮፕላን" ዕጣን የሚጨስበት ማጨሻ ያዘች፤ ጭሱ ከክንፍ ጫፍ የሚቀረው፣ ተከታዩን አውሮፕላን የሚያናውጠው የአየር ሽክርክሪት መሆኑ ነው። ነፋሱ ከእሷ ወደ ሁለተኛው ገመድ ይነፍስ ነበር። የካርቶን ስክሪን የያዘውን ኋለኛውን "ወደ ኋላ ራቅ በል" ብለነው ራቀ፤ ጭሱ ተሻግሮ ፊቱ ላይ ተደፋበት፣ ሳል በሳል ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማናት የ9ኛ ክፍል ተማሪ "መምህር፣ መራቅም እኮ ያስመታል! ጭሱ ሳይሻገር ይጠጋት" አለች። እውነቷን ነው፤ ስክሪኑ ሁለት ወሰን ይፈልጋል፣ ከፊት ለግጭት፣ ከኋላ ለሽክርክሪት። የኋላውን መስመር እዚያው በእስክሪብቶ ራሷ አሰመረችው። እኔ በበኩሌ ለዓመቱ ያቺ መስመር ትበቃኛለች።

ያልተሳካም አለ። ቢጫው ከገመድ 20 ሳንቲም ሲወጣ እንዲበራ ስናደርግ በእግር መወላገድ ሁሉ እየበራ ልጆቹ ናቁት፤ 60 ስናደርገው ረፈደ፤ 40 ላይ ረጋን። ቀዩ አምፖል ሽቦው እየላላ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብናል፤ መበየጃ ስለሌለን በፕላስተር ነው ያሰርነው። ሌሎች ክበቦች ማልያ ማግኘታቸው ደስ ይለናል፤ እኛ የጠየቅነው አንድ መበየጃ ነበር።

ለመጪው ዓመት ከመበየጃው ሌላ የአንድ ሚኒባስ ነዳጅ እንጠይቃለን። ኮምቦልቻ አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ቦሌ መሄድ አለብን።